የቴአትር ልምምድ ከ60 ሰዓቱ ቢቆጠርስ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት መምህራን። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ያድርግ የሚለውን ደንብ በቃላችሁ የያዛችሁ ገና ርዕሱን ስታዩ አይቆጠርም እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ በሉኝ።

የሰሚስተሩ እረፍት ሳምንት ለእኔ እረፍት አልነበረም። ቀን አራት ኪሎ ሥልጠና፣ አመሻሽ ላይ ፒያሳ የቴአትር ልምምድ፣ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይና አልጋ ውስጥ ደግሞ አንድ ልብ ወለድ። ከሥልጠናው ወደ ልምምዱ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ነው የምሻገረው፤ ለማሰብ ጊዜ የማገኘውም ያኔ ነው።

ሥልጠናው ተማሪን ስለማሳተፍ ነበር። አሠልጣኙ ስለ አሳታፊ ትምህርት ስላይድ እያነበበ ግማሽ ቀን ብቻውን እንደተናገረ ብነግራችሁ ምንም አይደንቃችሁም፤ ሁላችሁም ያያችሁት ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም። ሰውየውም ክፉ አልነበረም፤ አድርስ የተባለውን አድርሷል። በቡድን ተከፋፈልን፣ ፍሊፕቻርት ላይ ጻፍን፣ አንዱ ወጥቶ አቀረበ፣ አጨበጨብን፣ ሻይ ወጣን። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አዳራሹ ሙሉ መምህር ሆኖ ሳለ አንድም ሰው ሲያስተምር አልታየም። ስለ ማስተማር ሲወራ ዋለ እንጂ ተነሥቶ ያስተማረም፣ ቁጭ ብሎ ያየም፣ ቆይ እስቲ እሷን እንደገና ያለም የለም።

ልምምዱ ላይ ግን ከዚህ በቀር ሌላ ሥራ የለም። አማተሮች ነን፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ እኔ። ተውኔቱን የጻፈው ከመካከላችን አንዱ ሲሆን የአከራይና የተከራይ ነገር ነው። እኔ አከራይዋ ነኝ። አዘጋጃችን ልጄ ለመሆን ጥቂት ዓመት የጎደለው ወጣት ነው፤ እትዬ እያለ በትሕትና ይጠራኝና ያለ ርኅራኄ ያስቆመኛል።

ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ተከራዩን ያለፈው ወር ኪራይስ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ልጁ አፉን ሳይከፍት የእኔን ቀጣይ መስመር እጀምራለሁ። አዘጋጁ አስቆመን። እንደገና አልነው። አሁንም አስቆመን። ከዚያ ከመድረኩ ወርዶ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠና፣ ይጠይቁትና ዝም ይበሉ፤ መልሱን ከእሱ እንጂ ከጽሑፉ አይጠብቁ አለኝ። ጠየቅሁና ዝም አልኩ። ልጁ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ባዶውን አወጣው፣ ጣሪያውን አየ፣ የበሩን እጀታ በመሐረብ መወልወል ጀመረ። ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ነው። ነርሷ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። አዘጋጁ ይሄ ይቆይ አለ።

እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም፤ ሐሳቤ ወደ ክፍል ሄዶ ነበር። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። አብዛኞቻችን ተክል ምግቡን ለመሥራት ምን ያስፈልገዋል ብለን እንጠይቅና፣ አንድ እጅ ሳይነሣ ብርሃን፣ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብለን ራሳችን እንጨርሰዋለን። ይህን የሚያይ ሰው ስለሌለ የሚያስቆመንም የለም።

መጽሐፉ። የትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ የመረጠው፣ ብዙ የተወራለት ልብ ወለድ ነው። ስሙን አልጠራም። ከ500 ብር በላይ ወጥቶበታል። ሊስትሮውም ዳኛውም ባለ ሱቋም በአንድ አፍ ይናገራሉ። አንዲት ሴት ስታዝን ደራሲው ማዘኗን ይነግረናል፣ ከዚያ ለምን እንዳዘነች ያስረዳናል፣ ከዚያ እኛም እንድናዝን ይማጠነናል። በዚህ ላይ የእኔ ቅጂ ከገጽ 96 ቀጥሎ 129 ነው። ያስተዋልኩት ገጽ 140 ገደማ ስደርስ ነው። 32 ገጽ ጎድሎ ታሪኩ አልጎደለም!

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅበታል። የሥልጠናው ቀናት ይቆጠሩልኛል። ንባብም ተዘርዝሮ ስላየሁ መጽሐፉን ከነጎደሎው የሰዓቱ ማስረጃ በሚቀመጥበት ማህደሬ ውስጥ ባስገባው ሳያልፍልኝ አይቀርም። ልምምዱ ግን አንዲት ደቂቃ አይቆጠርም። ለምን?

የተሰጡት መልሶች

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚመጣው ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አስተያየቴንም አልደበቅኩም።

1. መጀመሪያ የመለሰችው የ3ኛ ክፍል መምህርት ናት። በሁሉም ነገር ተስማምታለች። ከሄደችባቸው ሥልጠናዎች ትዝ የሚላት ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው የተጫወቱት ማነቃቂያ ብቻ እንደሆነ ነው የምትናገረው። እሱን ግን እስከ ዛሬ ልጆቹን ታጫውትበታለች፤ ያም ትርፍ ነው ባይ ናት። ደግ መልስ ነበር። እንዲህ ያለው መልስ በዚህ ክር ብዙም አልተደገመም።

2. ሱፐርቫይዘር ነኝ ያለ ሰው አርሞኛል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ማዕቀፍ ንባብ ሲል ሙያዊ ንባብ ማለቱ ነው፤ ልብ ወለድ፣ ገጹ ቢጎድልም ባይጎድልም፣ እዚያ አይገባም። ሰዓቱ እንዲያው የሚደመር ነገርም አይደለም፤ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ፍላጎት ይተነተናል፣ ከዚያ ይታቀዳል፣ ይተገበራል፣ ይገመገማል። ቀጥሎ ግን የጻፈው ወገቤን ያዘኝ። እርስ በርስ ክፍል መጎብኘት፣ የናሙና ትምህርት ማሳየት፣ በጋራ ማቀድ፣ በጋራ ማስተማር፣ ተግባራዊ ምርምር፣ ሁሉም በማዕቀፉ ተዘርዝረዋል። እንግዲህ ማንም ሲያስተምር አልታየም ብዬ የማማርረው ደንቡን ሳይሆን ራሳችንን መሆን አለበት ማለቱ ነው። አጻጻፉ የሰርኩላር ቢሆንም ከሁሉም በላይ ጉዳዩን የሚያውቀው እሱ ነው።

3. ወዲያው ለ2ኛው መልስ መልስ መጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ማንም አልካደም፣ እስቲ የሚሠራበት ትምህርት ቤት አሳየኝ ዓይነት ነገር ነው። እሱ ባለበት ክፍል መጎብኘት ማለት የመምህራን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ፎርም መለዋወጥ ነው። አንዱ የሌላውን ይሞላል፣ ሌላውም የእሱን፣ ሁለቱም በአንድ እስክሪብቶ። አስተያየት በሚለው ቦታ ጥሩ ጅምር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ሃያ ዓመት ላስተማረ ሰው! በእሱ ስም የተሞላ አንድ ፎርም ደግሞ ክፍሉ የተጎበኘው ጥር 11 ቀን ነው ይላል። ጥምቀት። እሱ በዚያን ቀን ጃን ሜዳ ነበር፤ ጎብኚው ማንን እንደጎበኘ አላወቀም። ሱፐርቫይዘሩም ያንን ፎርም ተቀብሎ ፈርሞበታል። ይህን ሲያነብ 2ኛው ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ።

4. አንድ ወላጅ የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ ጠይቋል። ማንም አልመለሰለትም።

5. ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ልጄ ብለው ጀመሩ። ጥያቄው ራሱ ተገልብጧል ባይ ናቸው፤ ቴአትርን መምህራን ናቸው በእግሩ ያቆሙት። ዮፍታሔ ንጉሤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፣ መላኩ በጎሰው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ከጣልያን ወረራ በፊት ተውኔቶቻቸውን የሚጫወቱላቸው ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ መለማመጃውም ትምህርት ቤቱ ነው። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ሲቋቋም በወረራው ዋዜማ ሕዝቡን ለማነሣሣት የተጠቀመው ይህንኑ መድረክ፣ ዘፈኑንና ንግግሩን ነው። እና ያኔ ለአገር የተቆጠረ ነገር ዛሬ ለመምህር ሰዓት አይቆጠርም መባሉ አስገርሟቸዋል። እሳቸውም በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበሩ። ልምምድ ሲቀሩ ቅጣቱ ከትምህርት ቤት ቢቀሩ ከሚደርስባቸው ይብስ እንደነበር አጫውተውናል፤ ይህችን ክፍል ረዘም አድርገው ነው የጻፏት፤ እኔ ግን ሳልጠግብ አለቀች።

6. አንዱ እሳቸውን ማረም ፈለገ። ከመምህራኑ በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሉ፤ ሩሲያ ተምረው የመጡት፤ ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎችን ኮመዲያ ጽፈው ቴራስ ሆቴል ውስጥ ያሳዩት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜም የታገዱት። የመጀመሪያው ሰው መምህር ሳይሆን ባለሥልጣን ነው፤ ታሪክ ለክርክር እንዲመች አይታጠፍም የሚል ቁጣ ቢጤ ነበረበት።

7. ጋሼ (5ኛው) ተመልሰው መጡ። ፋቡላን ማን ረሳው? ግን እሱ አንድ ሰው የጻፈው አንድ ተውኔት ሆኖ ለዓመታት ተዘጋ፤ ያልተዘጋው በየዓመቱ አዲስ ልጅ የሚቀበለው የትምህርት ቤቱ መድረክ ነው። ያየነውን ሁሉ ስናይ እኔ ለጋሼ ነው የምፈርድላቸው። 6ኛው በእጅ ምልክት ወደደላቸው፤ ጨዋ ሰው ነው።

8. ሁለት ልጆች የያዘች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። በ2016 በፒያሳ ብዙ ቤት ለልማት ሲፈርስ ቤተሰቧ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ትምህርት ቤቷ ግን እዚሁ አራዳ ነው። ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ። ልምምድ ይቆጠር ከተባለ፣ የሚቆጠርለት ማታ እራት የምታቆይለት ሚስት ወይም እናት ያለው ሰው ነው። እሷ ሰዓቷን የምትሞላበት ቦታ ያው ያማረርኩት ሥልጠና ነው፤ ቢያንስ በሥራ ሰዓት ነው፣ ቢያንስ ሻይ አለው። አበሉን ግን እሷም አልጠራችው።

9. አንድ ወንድም ቅዳሜና እሑድ ብትሞክር ብሎ መክሯታል።

10. እሷም ቅዳሜ ልብስ እንደምታጥብ፣ እሑድ ደግሞ ፈተና እንደምታርም፣ ሰኞ ምክሩን እንደምታስብበት ነግራዋለች። ከዚህ በኋላ 9ኛው ጽሑፉን አጥፍቶታል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

11. ከስድስት ኪሎ በቴአትር ጥበባት የተመረቀ ልጅ መጣና ሁላችንንም ገሠጸን። አማተሮች ቴአትርን መድኃኒት ያስመስሉታል፤ ሙያ ነው፣ ይማሩታል፣ ይኖሩበታል። የእኛን አዘጋጅ ሥራ ግን አልናቀውም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የሰጠን ነገር ከሥልጠናው ሞጁል ይበልጥብኛል። መምህር ድምፁ የሚዘጋው ከጉሮሮው ስለሚጮህ ነው፤ ትንፋሹን ከሆድ አንሥቶ ዓይኑን መጨረሻው ወንበር ላይ ቢተክል ሳይጮህ ይሰማል። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ የሚናገር ሰው ለሰሌዳው ነው የሚናገረው፤ ይጻፍ፣ ዝም ይበል፣ ይዙር፣ ከዚያ ይናገር። አንድ ቦታ ተተክሎ የሚያስተምር ከሆነ የሚሰሙት የፊቶቹ ናቸው፤ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢናገር ክፍሉ ይዞራል። ይህን ለመማር ቴአትር መሥራት አያስፈልግም፤ አንድ ከሰዓት ከአንድ ተዋናይ ጋር ይበቃል። አሠልጣኝ አድርገው ለምን እንደማይጠሩን ጠይቆ ሄደ። እኔም እጠይቃለሁ።

12. እዚህ ጋ ክሩ ሞቀ። አንድ ሰው፣ መምህር ይሁን ወላጅ አልታወቀም፣ የ12ኛ ክፍልን ውጤት አምጥቶ ፊታችን ላይ ጣለው። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። ልጆቹ እንዲህ ወድቀው መምህሮቻቸው ፒያሳ ላይ አከራይና ተከራይ ይጫወታሉ ወይ ነው ነገሩ። ሌላም ጨምሯል፤ አልደግመውም።

13. የፊዚክሱ መምህር (3ኛው) ለእሱ መልስ አለው፤ ሁሉም ሰው ስድብ ሲጠብቅ እሱ ምርምር አመጣ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተቀዱ ትምህርቶችን አዳምጣ፣ መምህር ከጠየቀ በኋላ የሚጠብቀው በአማካይ ከአንድ ሴኮንድ እንደማይበልጥ አገኘች፤ ግኝቷን በ1970ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አውጥታዋለች። መምህራኑ እስከ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ እንዲታገሡ ሲለማመዱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ አላውቅም የሚሉት ቀነሱ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ስለዚህ አከራይዋ መድረክ ላይ የተማረችው ጨዋታ ሳይሆን የሳይንስ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ልጆቹም የወደቁት ቴአትር በዝቶ አይደለም። አከራይዋ ያለው እኔን ነው። ይህን ጥናት በሥልጠናችን ማንም አላነሣውም ነበር፤ ርዕሱ ግን እሱ ራሱ ነው።

14. የ3ኛ ክፍሏ መምህርት (1ኛዋ) በትሕትና አንድ ጥርጣሬ አቀረበች። ሃምሳና ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል 3 ሴኮንድ ዝም ማለት ማለት የኋላ ወንበር ላይ ጠብ ተጀመረ ማለት ነው። ልጆች ዝምታን የሚያውቁት እንደ ቁጣ ነው፤ መምህሯ ዝም ካለች አንድ ሰው ሊገረፍ ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ዝምታው ራሱ መለማመድ አለበት፣ ለመምህሯም ለልጆቹም። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ብቻዬን መድረክ ላይ የማላገኘው ነገር ነው፤ የእኔ ተከራይ አንድ ነው፣ የእሷ ስልሳ።

15. መምህርት ሆና ተማሪዎቿ በሚያዩዋት መድረክ ላይ መውጣት ለክብሯ አይስማማም፣ ነገ ክፍል ስትገባ በገጸ ባሕርይዋ ስም ይጠሯታል ያለ ሰው አለ። የኋለኛው እንኳ እውነት ነው፤ ከአሁኑ አከራይዋ እያሉኝ ነው።

16. ጋሼ ለ15ኛው ሲመልሱ፣ በነዮፍታሔ ጊዜ የሴቷን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር አስታውሰውታል። ሴት መድረክ ላይ እንዳትታይ የሚሻ ሰው ራሱ ቀሚስ ለብሶ ይውጣ ነው ነገሩ። አነጋገራቸው ከዚህ የጨዋ ነበር፤ ስሜቱ ግን ይኸው ነው። 15ኛው ተቆጥቶ ሁለት ጊዜ ጽፏል፤ አስተባባሪው አንዱን አንሥቶታል።

17. ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ጎደለው ገጽ አስረዳ። መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይታተምም፤ በአንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ፊት ላይ 16 ገጽ ይታተምና ወረቀቱ ይታጠፋል፤ ከዚያ እጥፎቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው ይሰፋሉ ወይም በሙጫ ይያዛሉ። የእኔ ቅጂ ሁለት እጥፍ ሲደረደር ተዘሏል፤ 16 ሲደመር 16፣ 32። ለዚያ ነው ጉድለቱ በዐረፍተ ነገር መሀል የተቆረጠው፤ ወረቀት እንጂ ምዕራፍ አያውቅም። የገዛሁበት ሱቅ መለወጥ አለበት ብሏል። ጉድለቱን ሳላስተውል ከ10 ገጽ በላይ ማንበቤን ግን እንደ ሙያ ሰው ሊያምን አልቻለም። ይህን ሰው ወደድኩት።

18. የመጽሐፉ ወዳጅ ደረሰ። ስም ሳይጠሩ ማማት ፈሪነት ነው፤ የሳይንስ መምህርት ስለ ልብ ወለድ ምን አገባት፤ ጎደሎ ቅጂ አንብቦ መፍረድስ ፍርድ ነው ወይ። የመጨረሻዋ ተገቢ ጥያቄ ናት። ሌላ ትምህርት ቤት ያለች የንባብ ክበብ አባል (19ኛ) 32ቱን ገጾች በስልኳ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ። አነበብኳቸው። ሁለት ሰዎች ይፋቀራሉ፣ አንዱ ይሞታል፣ በገጽ 127 ላይ ደግሞ ደራሲው ይህ ሁሉ ሕልም ነበር ይላል። በአቋሜ ጸንቻለሁ። ስሙን የማልጠራውም ደራሲው የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ ነው።

20. ጋሼ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ጨምረዋል። በእሳቸው ወጣትነት ሰው ልብ ወለድን የሚለካው በጆሮው ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በከመጻሕፍት ዓለም ሲተርከው ሰው የቤት ሥራውን ትቶ ይሰማ ነበር፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ስም ሳይጠራ በድምፁ ይለያል። ወጋየሁ ተዋናይ ስለሆነ ነው የቻለው፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ የተለያየ አንደበት ባይኖር ኖሮ እሱም ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የንባብ ክበቡ መጽሐፍ ሲመርጥ አንድ ምልልስ ለሁለት ልጅ ሰጥቶ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ማን ማን እንደሆነ ካልለየ ገንዘቡን ይቆጥብ። ይህን ለክበባችን አቅርቤዋለሁ። ለሚቀጥለው መጽሐፍ እንሞክረዋለን ተብሏል፤ አንዷ ባልደረባዬ ብቻ ጊዜ ይፈጃል ብላለች።

21. የሒሳብ መጽሐፍ ፈላጊው ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አላገኘም። 17ኛው፣ የማተሚያ ቤቱ ሰው፣ ከአራት ኪሎ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን ጠይቅ፣ ከሌላቸውም ከማን እንደሚገኝ ያውቃሉ አለው። ሰውየው አመስግኖ ደግሞ የእንግሊዝኛውንም ጠየቀ።

22. ሱፐርቫይዘሩ (2ኛው) ተመለሰ። የጥምቀቱን ፎርም ጉዳይ ዘሎታል። ያመጣው ሐሳብ ግን መልካም ነው፤ እኔና የፊዚክሱ መምህር ትምህርት ቤቶቻችን በእግር የሚያዳርሱ ስለሆኑ፣ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ሳይንስም ስለሚያያዝ፣ አንዳችን የሌላውን ክፍል ብንጎበኝ በማዕቀፉ መሠረት ለሁለታችንም ሰዓት ይቆጠራል። አንድ ነገር ብቻ ይታያል፤ ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ። የመመልከቻ ፎርሙን አባዝቶ እንደሚያመጣ ቃል ገብቷል።

23. የፊዚክሱ መምህር መጎብኘቱን ተቀብሎ ፎርሙን አልቀበልም ብሏል። ነገሩን የገደለው ፎርሙ ነው፤ የሚሞላ ወረቀት ካለ ሰው ክፍሉን ትቶ ወረቀቱን ያያል። ሲጎበኝ የሚይዘው ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወጥተው ማኪያቶ ላይ ያወራሉ።

24. ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ያለ ማስረጃ 60 ሰዓት ለማንም አይፈርምም። ማኪያቶ ማህደር ውስጥ አይገባም።

25. እንግዲያው የማኪያቶውን ደረሰኝ አያይዛለሁ ብሎታል ፊዚክሱ። ጋሼ ሁለቱንም ተዉ ልጆቼ ብለዋቸዋል፤ አልተዉም። በእኔ በኩል ማክሰኞ 3ኛው ክፍለ ጊዜ ክፍሌ ክፍት እንደሆነ ጽፌላቸዋለሁ፤ የሕዋስ ትምህርት ነው፣ ወንበር ከኋላ አለ። የ3ኛ ክፍሏም መምህርት መምጣት ትችል እንደሆነ ጠይቃለች፤ በደንቡ ለእሷ ይቆጠርላት አይቆጠርላት እንደሆነ 2ኛውና 3ኛው አሁን እየተከራከሩበት ነው።